ስልክዎ ከሚጠይቅዎት 40 ነገር ውስጥ ስድስቱ ይበቃሉ

ጥያቄ፦ «የ34 ዓመት ሰው ነኝ፤ ጅማ መርካቶ ሱቅ አለኝ። ከአምስት ወር ወዲህ ራስ ምታት አለቀቀኝም። እንቅልፌ ቀንሷል፣ ልቤ ይመታል፣ ነገር ሁሉ ያስጠላኛል። በሳምንት አራት አምስት ቀን ፓራሲታሞል እወስዳለሁ። ከ10 ቀን በፊት ሐኪም አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም ማታ ማታ አዘዘልኝና ‹ስትመለስ ምልክቶችህን መዝግበህ አምጣ› አለኝ። ቀጠሮዬ ከ5 ሳምንት በኋላ ነው። ከሐኪሙ በፊት ጀምሬ ለሦስት ሳምንት በስልኬ መተግበሪያ ስመዘግብ ነበር፤ በቀን 40 ነገር ይጠይቀኛል፤ ሰልችቶኝ ተውኩት። ግራፉን ባየሁ ቁጥር ደግሞ የባሰብኝ ይመስለኛል። ቅዳሜና እሑድ፣ አንዳንዴም በሌላ ቀን ጫት እቅማለሁ። ምኑን ልመዝግብ፣ ምኑን ልተው? መመዝገቡ ራሱ አያባብስብኝም?»

ምላሽ፦

ከሁሉ በፊት በጥያቄዎ ውስጥ ጣል አድርገው ያለፉትን አንድ ቁጥር ላንሳ። በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን ማስታገሻ ማለት በ30 ቀን ውስጥ ከ17 እስከ 21 ቀን ማለት ነው። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ለበለጠ ጊዜ ሲወሰድ ማስታገሻው ራሱ የራስ ምታት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ካፌይን ወይም ኮዴይን የተቀላቀለበት ማስታገሻ ከሆነ ገደቡ ዝቅ ብሎ በወር 10 ቀን ይሆናል። እዚህ ላይ የሚቆጠረው የክኒኑ ብዛት አይደለም፤ ክኒን የተወሰደበት ቀን ነው። በአንድ ቀን አራት ፍሬ የወሰደ ሰው አንድ ቀን ይቆጠርለታል፤ በአራት ቀን አንድ አንድ ፍሬ የወሰደ ግን አራት ቀን ይቆጠርበታል። ይህን ለሐኪምዎ ለመንገር 5 ሳምንት መጠበቅ የለብዎትም፤ በዚህ ሳምንት ብቅ ብለው ይንገሩ። ማስታገሻው ሲቀነስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታቱ የሚብስበት ጊዜ ስላለ አቀናነሱን አብራችሁ ብትወስኑ ይሻላል።

ይህን ያነሳሁት መዝገብ ለምን እንደሚጠቅም በራስዎ ጉዳይ ላይ ስለሚያሳይ ነው። ሐኪሙ ሊያውቅ የሚፈልገው ስንት ቀን አመመዎት፣ ምን ያህል፣ ምን ወሰዱ፣ ከምን ሥራ አገደዎት የሚለውን ነው። የሰው ትዝታ ለዚህ አይታመንም፤ በጣም የከፋውን ቀንና የመጨረሻዎቹን ጥቂት ቀናት ያስታውስና መሐሉን ይረሳል። መተግበሪያው የሚጠይቅዎት የውሃ መጠን፣ የእርምጃ ብዛት፣ የአየር ሁኔታና የምግብ ዓይነት ለእርስዎ ጥያቄ መልስ አይሆንም። በቅንብሩ ውስጥ ገብተው ያጥፏቸውና እነዚህን ብቻ ያስቀሩ፦

የራስ ምታት ደረጃ፣ ከ0 እስከ 3።
ማስታገሻ ወስደዋል ወይስ አልወሰዱም፤ ከወሰዱ የቱን፣ ስንት ፍሬ።
እንቅልፍ የወሰደዎት ሰዓትና የነቁበት ሰዓት።
ስሜትና ጭንቀት፣ ሁለቱም ለየብቻ፣ ከ0 እስከ 10።
ቡና ስንት ሲኒ፣ የመጨረሻው በስንት ሰዓት፤ ጫት ቃሙ ወይስ አልቃሙ፣ ያቆሙትስ በስንት ሰዓት።
ሱቅ፦ ሙሉ ቀን፣ ግማሽ ቀን ወይም ዝግ።

ስድስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሐኪም ግን ሕመሙ ምን ያህል ሕይወትዎን እንደነካ የሚያየው በእርሱ ነው።

ቁጥሮቹ ትርጉም የሚኖራቸው ከመጀመርዎ በፊት ለእያንዳንዱ ደረጃ ፍቺ ከሰጡት ነው። ለራስ ምታት 0 የለም፤ 1 አለ ግን ደንበኛ አስተናግዳለሁ፤ 2 ሥራ ያስቸግረኛል፤ 3 ያስተኛኛል። ለጭንቀትም እንዲሁ 0፣ 5 እና 10 ለእርስዎ ምን ማለት እንደሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው በማስታወሻው ላይ ያኑሩ። ፍቺ ከሌለ በደስታ ቀን የተሰጠ 5 እና በሐዘን ቀን የተሰጠ 5 ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ቁጭ ይላሉ።

ቀጥሎ የሰዓት ነገር፤ ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል፤ እኛ ከንጋትና ከምሽት 12 ሰዓት እንቆጥራለን። ማታ 5 ሰዓት ተኝተው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ቢነሱ፣ ሁለቱንም በእኛ አቆጣጠር በእጅዎ ቢጽፉ ርዝመቱ ልክ ይመጣል፤ 7 ሰዓት ተኩል። ችግር የሚፈጠረው አንዱን በእጅ ጽፈው ሌላውን ስልኩ በራሱ ሲመዘግብ ነው። የተኙበትን 5:00 ብለው ጽፈው ሲነቁ አዝራሩን ቢጫኑ ስልኩ 6:30 ይይዛል፤ መተግበሪያውም አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ተኙ ብሎ ግራፉን ቁልቁል ይሰደዋል። ስለዚህ በመተግበሪያው ውስጥ ሁልጊዜ በስልኩ ሰዓት ይጻፉ፦ ማታ 3 ሰዓት 21:00፣ ማታ 5 ሰዓት 23:00፣ ሌሊት 8 ሰዓት 02:00፣ ጠዋት 1 ሰዓት 07:00። ስልኩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ላይ ማድረግም ከብዙ ስሕተት ያድናል።

ሌላው ቀን የሚቀየርበት ሰዓት ነው። በስልኩ ቀን የሚቀየረው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቅመው ምርቃናው አላስተኛ ብሎዎት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ቢመዘግቡ ጫቱ በእሑድ ስም ይገባል፤ የእሑዱ ራስ ምታትም ከጫቱ ጋር በአንድ ቀን ይታያል፤ የቃሙበትን ቀን ከማግስቱ መለየት ያቅትዎታል። አንዳንድ መተግበሪያ ቀኑ የሚጀምርበትን ሰዓት ለመቀየር ይፈቅዳል፤ ከፈቀደ 05:00 ያድርጉት። ካልፈቀደ ማታ 3 ሰዓት ላይ መዝግበው ይጨርሱ፤ እንቅልፉን ብቻ ለጠዋት ያቆዩት።

የቀጠሮ ካርድዎ የተጻፈው በእኛ ቀን አቆጣጠር ነው፤ መተግበሪያው ግን በፈረንጆቹ ነው የሚሄደው። ኅዳር 12 ማለት በስልኩ ኖቬምበር 21 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ኖቬምበር 22። የቀጠሮውን ቀን ቀይረው በስልኩ ካላንደር ላይ አሁኑኑ ያስገቡት። የማስታገሻ ቀናትን ለመቁጠር ግን የእኛ ወር ይመቻል፤ ከጳጉሜን በቀር ሁሉም 30 ቀን ስለሆነ «በወር 15 ቀን» የሚለውን ገደብ ያለ ማካፈልና ማባዛት ያዩታል።

በስልኩ በኩል የሚበላሸው ደግሞ ማስታወሻ ደወሉ ነው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ ያለውን መተግበሪያ ይዘጉታል፤ ደወሉ ሳይጮህ ይቀርና ሰው ራሱን በስንፍና ይወቅሳል። ሴቲንግስ ውስጥ አፕስ፣ ከዚያ መተግበሪያውን፣ ከዚያ ባትሪ ብለው ገደቡን ያንሱ፤ ከስልኩ ጋር በሚመጣው ፎን ማስተር በተባለው መተግበሪያ «ማጽዳት» ሲነኩም ይህን መተግበሪያ ከዝርዝሩ ያውጡት። ከዚህ ሁሉ በኋላም ቢሆን በስልኩ ተራ የደወል ሰዓት ላይ ማታ 3 ሰዓትን ይሙሉ፤ እሱ አይዘጋም።

ኔትወርክ ሲጠፋ መሥራቱን ለመፈተን ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርገው መተግበሪያውን ዘግተው ይክፈቱት፣ አንድ ነገር ይመዝግቡ። እምቢ ካለ ሌላ ይፈልጉ። በየሳምንቱም መረጃውን በፋይል አውጥተው ወደ ሜሞሪ ካርድ ወይም ወደ ራስዎ ኢሜይል ይላኩ። ስልክ ቢጠፋ ወይም ቢፎርማት የአምስት ሳምንት ድካም አብሮት እንዳይሄድ ነው። በአማርኛ የጻፉትን ማስታወሻ ወደ ፒዲኤፍ ሲያወጡ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ የሚወጣበት መተግበሪያም ስላለ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጊዜ አውጥተው ይዩት።

የትኛውን ልጠቀም ካሉ፣ ዴይሊዮ ስሜትን በ5 ደረጃ የሚመዘግብ ቀላል መተግበሪያ ነው፤ መረጃውን በስልኩ ላይ ያስቀምጣል። ቤራብል የአካልና የስሜት ምልክትን አንድ ላይ ለሚመዘግብ ሰው ይመቻል፤ ግን አካውንት መክፈት ይጠይቃል። ከመክፈልዎ በፊት የሁለቱንም ነፃ ክፍል ይሞክሩ። በስድስት መስመር የተሰመረ ደብተርም ሥራውን ይሠራል፤ ዕለት ዕለት የሚጻፍበት ደብተር በሦስተኛ ሳምንት ከሚተው መተግበሪያ ይበልጣል።

ወደ ቡናና ጫት እንምጣ፤ ጅማ ላይ እነዚህን ሁለቱን ያልያዘ መዝገብ ግማሽ ነው።

ቡና ራስ ምታትን በሁለት በኩል ይነካል። ከሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡና እንቅልፍ ይሰርቃል፤ ካፌይኑ ግማሽ ያህሉ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 11 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው ማታ 4 ሰዓት ላይ ገና ግማሹን ይዞት ነው የሚተኛው። በሌላ በኩል በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ቡናው ሲቋረጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት ይጀምራል፤ ከ2 እስከ 9 ቀንም ሊቆይ ይችላል። የረመዳን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ «ቡና ጠጣሁ» ከሚለው ይልቅ ብዛቱና የመጨረሻው ሲኒ ሰዓት ይጠቅማል፤ የጾም ቀን ከሆነም ምልክት ያድርጉበት።

አንድ ማሳሳቻ አለ። የማይግሬን ራስ ምታት ከመጀመሩ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ማዛጋት፣ ድካም፣ የአንገት መጨምደድ፣ አንድ ነገር አምሮት ማለት ይመጣል። ሰውዬው ሲደክመው ተጨማሪ ቡና ይጠጣል፤ ከዚያ ራሱን ያመዋል፤ መተግበሪያውም «ቡና ራስ ምታት ያመጣብዎታል» ብሎ ይደመድማል። ቡናው የመጣው ግን ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ነበር። ለዚህ ነው የመጀመሪያው የድካም ስሜት የመጣበትን ሰዓት በማስታወሻ መያዝ ጥሩ የሚሆነው።

ጫትን በተመለከተ የሚመዘገበው የቃሙበት ቀን፣ ያቆሙበት ሰዓትና የማግስቱ ስሜት ነው። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው መከፋትና መነጫነጭ፣ ሌሊት ላይ ደግሞ ዱካክ የሚባለው የሚያስፈራ ቅዠት፣ ከድብርት ምልክት ጋር ይመሳሰላል። ለይቶ ካልተመዘገበ የጫቱ ማግስት ስሜት እንደ ድብርት ይቆጠራል፤ ወይም በተቃራኒው እውነተኛው ድብርት «የጫት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጫትም አሚትሪፕቲሊንም የልብ ምት ያፈጥናሉ፤ የልብ መምታት ያለበት ሰው ሁለቱን አንድ ላይ እየወሰደ መሆኑን ሐኪሙ ማወቅ አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ሐኪሙ ሊወቅስዎት ሳይሆን መጠኑን ሊያስተካክል ነው የሚጠይቅዎት።

ስለ መድኃኒቱ፦ የጀመሩበትን ቀን በመዝገቡ ላይ በጉልህ ያስምሩበት። አሚትሪፕቲሊን በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሳምንት አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ላይ ያፈዛል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ራስ ምታቱን መቀነሱ ግን ሳምንታት ይወስዳል። ግራፉ ከብዶ የታየዎት ምናልባት የመጨረሻዎቹ ቀናት የጠዋት መፍዘዝ ይሆናል፤ ስለዚህ «ጎን ለጎን የመጣ ነገር» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩና ከስሜቱ ለይተው ይጻፉ። ክኒኑን የዋጡበትን ሰዓትም ይያዙ፤ እኩለ ሌሊት ላይ የዋጠ ሰው ጠዋት የሚከብደው ምሽት ላይ ከዋጠው ይበልጣል። በግራፉ ተነሥተው መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ እስከ ቀጠሮውም ከአንድ ነገር በላይ በአንድ ጊዜ አይቀይሩ። ቡናም፣ ጫትም፣ የእንቅልፍ ሰዓትም በአንድ ሳምንት ከተቀየሩ የቱ እንደጠቀመ የሚያውቅ የለም።

የልብ ምት ሲሰማዎት አንጓዎ ላይ ሁለት ጣት አድርገው ለ30 ሴኮንድ ቆጥረው በ2 ያባዙ፤ በእረፍት ላይ ላለ ጎልማሳ ከ60 እስከ 100 የተለመደ ነው። የደም ግፊትን በስልክ ካሜራ እለካለሁ የሚል መተግበሪያ አይመኑ፤ በክንድ ላይ በሚጠለቅ መሣሪያ ይለኩ። ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፤ 5 ደቂቃ ወንበር ተደግፈው፣ እግርዎን መሬት ላይ አሳርፈው፣ ክንድዎን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አድርገው ይቀመጡ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ7 ቀን ይለኩ፤ የመጀመሪያውን ቀን ጥለው የቀሪውን አማካይ ይውሰዱ። ቤት የተለካ አማካይ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ። መሣሪያ ከሌለዎት ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ፤ በየቀኑ ግን አስፈላጊ አይደለም።

ስሜትን በተመለከተ ከዕለታዊው ቁጥር ሌላ በየ14 ቀኑ አንድ ጊዜ ፒኤችኪው-9 የሚባለውን የድብርት መጠይቅ ይሙሉ። 9 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 27። 5 ቀላል፣ 10 መካከለኛ፣ 15 ከመካከለኛ በላይ፣ 20 ከባድ የሚባሉት እርከኖች መነሻ ናቸው። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተተርጉሞ የተፈተሸ ስለሆነ በሚቀልዎት ቋንቋ ይሙሉት። የሚጠይቀው ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ስለሆነ በየቀኑ መሙላት ትርጉም የለውም። መጠይቁ ምርመራን አይተካም፤ እንቅልፍ ማጣትና ድካም ከሌላ ሕመምም ስለሚመጡ ነጥቡን የሚያነበው ባለሙያ ነው።

ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘት ወይም ራስን ስለመጉዳት ነው። መልስዎ ከ0 በላይ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ። መተግበሪያው ለማንም አይደውልም፤ ማንንም አይቀሰቅስም። ያኑ ዕለት ለሚያምኑት ሰው ይንገሩና አብራችሁ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ክኒኑንም የቤተሰብ ሰው ይያዝልዎት። ይህን መናገር ድክመት አይደለም፤ የሚታከም ነገር ነው።

በመተግበሪያ እየመዘገቡ ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ሌሎች ምልክቶችም አሉ፦ በድንገት የመጣ ከዚህ በፊት ያልታየ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ የአንድ ጎን መድከም ወይም የአፍ መተሳሰር፣ የማየት መጋረድ፣ ግራ መጋባት፣ ራስ መሳት፣ ከደረት ሕመም ጋር የመጣ የልብ መምታት። ትኩሳት ከራስ ምታት ጋር ሲመጣ ደግሞ በተለይ ክረምቱ በወጣ ሰሞን የወባ ምርመራ ያድርጉ፤ «የተለመደው ራስ ምታቴ ነው» ብለው 3 ሰጥተው አይለፉት።

መመዝገቡ ራሱ ያባብሳል ወይ ላሉት፣ አዎ፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ያባብሳል። በተለይ የልብ ምት የሚያስጨንቀው ሰው ሰውነቱን በየሰዓቱ ባዳመጠ ቁጥር አዲስ ነገር ይሰማዋል፤ የሰማው ያስጨንቀዋል፤ ጭንቀቱ ልቡን ያስመታዋል። መተግበሪያውን በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ ከከፈቱ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ የልብ ምት ከቆጠሩ፣ ወይም ግራፉን አይተው ቀኑ ከተበላሸ መዝገቡ ከጥቅሙ ጉዳቱ በልጧል። ያኔ ጠዋት እንቅልፉን፣ ማታ ሌላውን፣ ከሁለት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ጽፈው ይዝጉ፤ ግራፉን ለ14 ቀን አይክፈቱ። ካልተሻለ ራስ ምታትንና ማስታገሻን ብቻ ያስቀሩ። እሱም ከከበደ ይተዉትና መተውዎን ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ያም ራሱ ጠቃሚ መረጃ ነው። ያመለጠ ቀን ካለ ባዶውን ይተዉት፤ ከሦስት ቀን በኋላ በግምት የተሞላ ቁጥር ከባዶው የከፋ ነው።

ሐኪሙ ጋ ሲገቡ ስልክዎን አውጥተው ግራፍ በግራፍ አያሳዩት፤ የተመላላሽ ክፍል ወረፋ ለዚያ አይበቃም። በግማሽ ገጽ ይጻፉለት። ለምሳሌ፦

«28 ቀን። ራስ ምታት የነበረበት 17፣ ከዚህ ውስጥ ያስተኛኝ 4። ማስታገሻ የወሰድኩበት 13። እንቅልፍ በአማካይ 5 ሰዓት ተኩል። ጫት የቃምኩት 10 ቀን፣ በማግስቱ ራስ ምታት 8 ጊዜ፤ ካልቃምኩባቸው 18 ቀናት ማግስት 9 ጊዜ። ሱቅ ያልከፈትኩበት 3። መጠይቁ መጀመሪያ 13፣ በመሐል 12፣ አሁን 9።»

የጫቱን መስመር ልብ ይበሉ። 8 ከ10 ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ካልቃሙበት ቀን ጋር ሲነጻጸር ነው የሚናገረው። ልዩነቱ ከጫቱ ይሁን ጫቱ ካሳጣው እንቅልፍ ወይም በዚያ ቀን ምግብ ካለመብላት፣ ቁጥሩ አይለይም፤ እሱን የሚለየው ከሐኪሙ ጋር የሚደረገው ውይይት ነው። በአራት አምስት ቀን መረጃ «ግንኙነት ተገኘ» የሚል መተግበሪያ ካለ አይስሙት።

የሱቅ ስልክ ደግሞ የብዙ ሰው እጅ ይነካዋል፤ ለቴሌብር ክፍያ ለረዳትዎ የሚሰጡት ይኸው ስልክ ከሆነ መተግበሪያውን በኮድ ይቆልፉት፤ የተቆለፈ ስክሪን ላይ የማስታወሻው ጽሑፍ እንዳይነበብ ያድርጉ። የስልክ ማውጫዎንና ያሉበትን ቦታ ልይ ካለ ይከልክሉት፤ ለዚህ ሥራ አያስፈልጉትም። የጤና መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥበቃ የሚደረግለት ቢሆንም መረጃው ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ መልሶ ማስጠፋቱ ቀላል አይደለም። ሲጨርሱም መተግበሪያውን ከማጥፋትዎ በፊት አካውንቱን ከውስጥ ይሰርዙ፤ አዶውን ከስልኩ ማንሣት ብቻውን መረጃውን አያጠፋም።

ያቋረጡትን የሦስት ሳምንት መዝገብ አይጣሉት። ከ40ው ጥያቄ ውስጥ የራስ ምታቱን ቀን ብቻ ለቅመው በወረቀት ላይ ያውጡ። መሳቢያ ውስጥ ያለውን ባዶ የፓራሲታሞል ስትሪፕም ይቁጠሩ፤ ሦስት ባለ 10 ፍሬ ስትሪፕ ካለቀ ወደ 30 ክኒን ነው። ቀኖቹን በትክክል ባይነግርዎትም ከ15ቱ ገደብ በየት በኩል እንዳሉ ፍንጭ ይሰጣል፤ በዚህ ሳምንት ለሐኪምዎ ሲነግሩ ይዘውት ይሂዱ።